ቱቦው በመስኮት ይውጣ

ጅቡቲ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

በእናቴ ዓይን ለማያት ለእትዬ አበራሽ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ከወንበር ሲነሱ «ውይ ማርያም» ማለቱን ትተዋል ወይስ አሁንም አለ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም፤ ሙቀቱም ቢሆን እንጀራዬ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን በስልክ «ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ ካርድህን አትጨርስ» ብለው ይዘጉብኛል። ይኸኛው ደግሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በየጊዜው የሚነበብ ነገር ስለሆነ ጻፍኩት። ከጅማ ቡና ጭኖ የሚወርደው ሾፌሩ ጣሰው ያደርስልኛል፤ መልስዎንም በእሱ ይስደዱልኝ።

ለእማዬ ኤሲ ልኬአለሁ። ስትሮኩ ከጣላት ወዲህ በሙቀት እንደምትቃጠል፣ ቆርቆሮው ከቀትር በኋላ ክፍሉን ምድጃ እንደሚያደርገው፣ የጀርባዋም ቁስል በላብ አልደርቅ እንዳለ ነግረውኛል። እኔ እዚህ የሰው ቤት እያቀዘቀዝኩ የምኖር ሰው፣ እናቴ በሙቀት ስትነፍር ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ማሽኑ ጎማ አለው፤ እየገፉ የሚወስዱት ነው። ግድግዳ አይበሳም። ከኋላው እንደ ጭን የወፈረ ቱቦ አለው። የክፍሉን ሙቀት ጠርጎ የሚያወጣው በዚያ ነው። እትዬ፣ ከዚህ ወረቀት ላይ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህችን አይርሱ፦ ቱቦው በመስኮት ይውጣ። ቱቦው ክፍል ውስጥ ከቀረ ማሽኑ በፊቱ ቀዝቃዛ፣ በጀርባው ትኩስ እየተፋ ክፍሉን የባሰ ያሞቀዋል። በነገሩኝ ልክ፣ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ስስ ጣውላ ቆርጬ ለቱቦው ክብ ቀዳዳ አበጅቼለታለሁ። መስኮቱን ከፍተው ጣውላውን ይሰኩት። ዙሪያው ይደፈናል፤ ንፋስ የሚባል ነገር አይገባም።

ሳሎን እንዳይገባ! አውቃችኋለሁ፤ ጥልፍ አልብሳችሁ ለእንግዳ ታሳዩታላችሁ። ለእማዬ ነው።

ስለ መምጣቴ የጠየቁኝ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም። እንደወጣ እመጣለሁ። እማዬን ግንባሯ ላይ ሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ እሱባለው

*

ጅማ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእሱባለው፤

እንደምነህ፣ የሙቀት አገር ሰው? እመብርሃን በሄድክበት ጥላ ትሁንህ። ጉልበቴን ስለጠየቅህ፣ አለ፣ ይጮሃል፤ አሁን ከማሽንህ ጋር ማን ይበልጥ ይጮሃል እያሉ ይወዳደራሉ።

ማሽኑ በደህና ገባ። ጣሰው በባጃጅ አስጭኖ በር ላይ ሲያወርደው ሰፈሩ ጉድ አለ። ግማሹ ልብስ ማጠቢያ ነው ይላል፣ ግማሹ ፍሪጅ ነው ይላል። ሳሎን አላስገባሁትም፣ እንደሱ አትጠርጥረኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነው ሳሎን የቆየው፤ ያውም ሰው አይቶ ይመርቅህ ብዬ ነው። ጥልፉን አሁን አንስቼለታለሁ።

እናትህ ስታየው በደህናው በግራ እጇ ደባበሰችው። ሳቀች መሰለኝ። ግማሽ ፊቷ ብቻ ስለሆነ የሚስቀው፣ አንዳንዴ እኔም አይገባኝም። ማን ላከልሽ ስላት ዓይኗን ወደ በሩ አደረገች። ማሽን ሲመጣ አንተም ከኋላ ያለህ መስሏት ነው። ማሽኑን ከፈትኩላት።

ወረቀትህን ከማርያም ሥዕል ጎን ለጥፌዋለሁ። ቱቦውንም እንደ ሁኔታው አድርጌ ገጥሜዋለሁ፤ አታስብ።

የሚያስፈልገን ዳይፐር ነው፤ ትልቁን። እዚህ ያለው ቶሎ ይቀደዳል። የቁስሉንም ቅባት፣ ያንን ነጩን ቱቦ ሁለት ላክ። ጎረቤታችን ሙና፣ ነርሷ፣ ቁስሉን በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታጥብልናለች፤ አላህ ይስጥሽ ከማለት በቀር የሰጠናት ነገር የለም።

አንድ ነገር ልበልህና ላብቃ። ማሽን ጥሩ ነው። ግን ማሽን ጀርባ አያገላብጥም፣ ሾርባ አያጎርስም። እኔም ሰባ ሊሞላኝ ነው። ለፋሲካ ና።

አክስትህ አበራሽ

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አበራሽ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳይፐሩን ትልቁን፣ ቅባቱንም አራት አድርጌ ልኬአለሁ። ትንሽ የሙቀት መለኪያም አለችበት፤ ከእማዬ ትራስ በላይ ይስቀሏትና ቁጥሩን ሙና አንብባ ትጻፍልኝ። ሀያ አራት፣ ሀያ አምስት ከሆነ ደግ ነው።

ግን እትዬ፣ «እንደ ሁኔታው አድርጌ ገጥሜዋለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ቱቦው በመስኮት ወጥቷል ወይስ አልወጣም? እንቅልፍ ነሳኝ እኮ።

ሰሞኑን አንድ ባለጸጋ ቤት ተልኬ ኤሲ ገጠምኩ። ክፍሉ የሰው አይደለም፤ የበቀቀን ነው። ሰባት በቀቀን አላቸው። ሀያ ሁለት ዲግሪ ካልሆነ ላባቸው ይረግፋል ተብዬ፣ ልክ ሀያ ሁለት እስኪሆን ድረስ መለኪያ ይዤ ወፎቹ ፊት ተቀመጥኩ። አንደኛው አንገቱን አጣሞ ያየኛል። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገብቶኝ፣ ላቤን ጠርጌ ወጣሁ።

ስለ ፋሲካው፣ ወረቀቱ እያዘገየኝ ነው። አይቀየሙኝ።

እሱባለው

*

ጅማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእሱባለው፣ አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፤

ዳይፐሩም ቅባቱም ደርሷል፣ እጅህ አይንጠፍ። ለወፍ ቤት ያቀዘቀዝከውን ሳነብላት እናትህ ዓይኗን ተከለችብኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለውን አትጻፍላት።

አሁን ስለ ማሽንህ እውነቱን ልንገርህ፤ አቅም የለውም። ሲያገሳ ይውላል፣ ክፍሉ ግን ይብስ ይጋላል። መለኪያዋን ሙና አንብባ ሠላሳ ሦስት ናት አለች። እናትህ ላቧ አንሶላውን ዘልቆ ፍራሹ ይደርሳል። ከቻልክ ከዚህ የሚበልጥ፣ ጉልበት ያለው ላክልን። ይኼ ለበቀቀን ይሆን ይሆናል።

ቱቦውን አጥብቀህ ስለጠየቅኸኝ፣ በመስኮት አላወጣሁትም። አትቆጣ፣ ስማኝ። ላብ የነከራትን በሽተኛ አልጋ አናት ላይ መስኮት ከፍቼ ብርድ ላስመታት? አንድ ጎኗ ሄዷል፤ የቀረውን ጎን ንፋስ ይውሰደው? የጣውላህ ቀዳዳ ደግሞ ጭንቅላት ያሾልካል። አስቤበት፣ ቱቦውን ከአልጋዋ ሥር በእግርጌዋ በኩል አደረግሁት። እግሯ ሁልጊዜ በረዶ ነው፣ ታውቃለህ። አሁን ከላይ ቀዝቃዛው ይመጣላታል፣ ከታች ሙቁ እግሯን ያሞቅላታል። ሙና ገና አላየችውም፤ አልጋ ልብሱ ሸፍኖታል። ብልሃቴን አንተም ሳታደንቀው አትቀርም።

ለፋሲካ ትመጣለህ ብዬ ነግሬአታለሁ። ውሸታም እንዳታደርገኝ።

አበራሽ

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ! ቱቦውን ያውጡት!

የጣሰው መኪና ጋላፊ ድንበር ላይ ተበላሽቶ አሥር ቀን ቆሞ ነበር። ደብዳቤዎ ገና ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ያን ጊዜውኑ ደወልኩ፤ ስልክዎ ዝግ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። የሙናን ቁጥር ሳልይዝ በመቅረቴ ራሴን እየረገምኩ ነው። አሁን የሚነሳ ሌላ መኪና አግኝቼ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው።

ማሽኑ ሙቀት አይበላም፣ እትዬ። ሙቀት ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ነው የሚጥለው። ከእማዬ ላይ አንስቶ እማዬ ሥር እየጣለው ነው። አልጋዋ ሥር ምድጃ አንድደውባታል ማለት ነው። ይህ ደብዳቤ እንደደረስዎ ያጥፉት፣ መስኮቱንም በሩንም ይክፈቱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሰውነቷን ያብሱላት፣ ሙናን ይጥሩ። ብርድ አይመታትም። በሞቴ፣ ብርድ የሚባለውን ነገር ለአንድ ቀን ይርሱልኝ!

እሱባለው

*

ጅማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሱባለው፣ ለጤናህ እንደምን ነህ?

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገብቶብኝ ነው፤ ሠሪው ጋ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤህ ደርሶናል። ቱቦውን አውጥተነዋል። ክፍሉም ቀዝቅዟል።

እናትህ ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች። አሁን የምንፈልገው ነገር የለም፤ አትቸገር፣ ምንም እንዳትልክ። ሁዳዴው እያለቀ ስለሆነ ደጅ ደጁን ነው የምለው፣ ለዚህ ነው ያሳጠርኩት።

ከቻልክ ግን ና። ለፋሲካ ባይሆንልህም ከዚያ በኋላ ቶሎ ና። እንዲያው ቤትህን አይተህ ትመለሳለህ።

አበራሽ

*

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አበራሽ፤

እንኳን አደረሰዎ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

ጣሰው ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። ሻይ እንጠጣ አልኩት፣ ጭነት አለብኝ አለኝ። ጣሰው ሻይ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ሌሎቹ ሾፌሮችም ስቀርባቸው ወሬ ያቋርጣሉ።

እማዬ ከወደቀች ወዲህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ፣ በስልክም ሆነ በደብዳቤ አንድ ነገር ላክ ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። በዚህኛው ምንም እንዳትልክ አሉኝ። የእማዬን እግር፣ የእማዬን ቁስል፣ የእማዬን እንቅልፍ ሳይጽፉልኝ ደህና ናት ብቻ ብለው አለፉ። እርስዎ እንዲህ አይጽፉም።

እማዬ መቼ ሞተች?

*

ጅማ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤

መጋቢት 19፣ ዓርብ ጠዋት። ያንን የጮኸ ደብዳቤህን ስትጽፍልኝ ከተቀበረች ሳምንት አልፏታል።

ስልኬ ባልዲ ውስጥ አልገባም። ራሴ ነኝ የዘጋሁት። በወረቀት መዋሸት ችዬ ነበር፤ በድምፅ ግን «ሃሎ» ከማለቴ ታውቅብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ልጁ በሰው አገር ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ይሆናል፣ መጥቶ ቤቱ ይግባና ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነገረው አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለአንተ አዝኜ ብቻ አይደለም። ስትጠይቀኝ የምለው ስለሌለኝ ነው።

አሁን ጠይቀኸኛል፣ ልንገርህ። ሐሙስ ከሰዓት ሙና ቁስሉን ልታጥብ መጣች። በሩን ስትከፍት ግለቱ ፊቷን መታት። «ፎዳ በኒ! ፎዳ በኒ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ስትደነግጥ በኦሮምኛ ነው የሚመጣላት፤ መስኮቱን ክፈቺ ማለቷ ነው። እኔን አልጠበቀችም፣ ራሷ በረገደችው። አልጋ ልብሱን ገልጣ ቱቦውን አየች፣ መዝዛ አወጣችው፣ ማሽኑንም አጠፋችው። እናትህ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። እንደዚያ ስትተነፍስ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነበር።

ሙና ሌላ በሽተኛ ጋ ሄደች። ሲመሽ ንፋስ ተነሳ፣ መጋረጃው ተውለበለበ፣ እናትህም አሳላት። አንዴ ነው ያሳላት። ተነስቼ ዘጋሁት። እግሯን ብዳብሰው ቀዝቅዟል። ማሽኑን ከፍቼ ቱቦውን ወደ ቦታው መለስኩት።

በግራ እጇ ወደ መስኮቱ ታሳየኝ ነበር፣ እሱባለው። አላየሁም ብዬ አልዋሽህም፤ አይቻለሁ። ጋቢውን ገፍፋ እጇን አውጥታ ታሳየኛለች። «ብርድ ይመታሻል፣ እታገኘሁ» አልኳትና እጇን ይዤ ጋቢው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። እንደገና አወጣችው። እንደገና ከተትኩት። ከዚያ ተወችው። ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። ጠዋት ስነሳ የለችም።

ሐኪሙ ሳንባዋ ነው፣ አይቀርላትም ነበር ብሏል። ሙና ለቅሶውን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ፣ ድንኳን ውስጥ ስታስተናግድ ከረመች፤ ያንን ቱቦ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኼ የኔ ነው። አሁን ደግሞ የአንተን ልንገርህ፣ ዝም ብዬ ብቻዬን አልሸከመውም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቀንና ሌሊት ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ያጠብኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን የምትጠብቀው አንተን ነበር። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ዓይኗ በሩ ላይ ነው። አንተ ወረቀቴ፣ ወረቀቴ ትላለህ። እሷ ወረቀት ምን እንደሆነ አታውቅም። ገዳይ ልትለኝ ብትፈልግ በለኝ፣ ከአንተ ባይመጣም ራሴ ለራሴ እለዋለሁ። ግን እዚህ መጥተህ በፊቴ በለው። እሱንም በሰው አትላክብኝ።

አርባዋ ማክሰኞ ነው። ይህ ሳይደርስህ ያልፋል።

ከቀብር ከተመለስን በኋላ ሰው ሲበተን ያንን ጣውላህን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አወጣሁት። የተጠቀለለበት ፕላስቲክ እንኳ አልተፈታም ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ከነቱቦው ሰካሁት። ልክክ አለ። ዙሪያውን በእጄ ዳበስኩት፣ ንፋስ አይገባም።

አበራሽ

*

ጅቡቲ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ገዳይ ብዬዎት ነበር። ሦስት ወረቀት ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

ወረቀቴ የወጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ማሽኑን ከመላኬ በፊት። ኪሴ ውስጥ ይዤው እየዞርኩ ነው ገና አልወጣም ብዬ የጻፍኩልዎ። ጣሰው ማሽኑን ሲጭን፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለ፣ አብረን እንሂድ ብሎኛል። ሥራ አለብኝ አልኩት። ሥራ አልነበረብኝም። እማዬን አፏ ተጣሞ፣ ሳታወራኝ፣ ዳይፐር ለብሳ ማየት ፈራሁ። እንደ ድሮዋ ሆና ዓይኔ ላይ እንድትቀርልኝ ፈለግሁ። ስለዚህ በኔ ፋንታ ዕቃ ላክሁ።

ስለ ብርዱም አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ያ ቤት ያሳደገኝ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የዚያን መስኮት ስንጥቅ በአሮጌ ጨርቅ የምትወትፉት እርስዎና እማዬ ነበራችሁ። ወደ ደዶ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ መስኮት ከከፈተ ሰውዬ ጋር ተጣልታችሁ መንገድ ላይ እስከመውረድ የደረሳችሁት እርስዎና እማዬ ናችሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ መስኮት ይከፈት ብዬ ወረቀት ላክሁ። እንደማይከፈት አውቅ ነበር፣ እትዬ። «እንደ ሁኔታው» ያሉኝ ጊዜማ በደንብ ገብቶኝ ነበር። መነሳት ሲገባኝ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያውም ስለ በቀቀን።

በሥራዬ ለአንድም ሰው ማሽን ልኬ «አንብባችሁ ግጠሙት» ብዬ አላውቅም። ራሴ እሄዳለሁ። ቱቦውን አወጣለሁ፣ ዙሪያውን እደፍናለሁ፣ አብርቼ እጄን ፊቱ ዘርግቼ እቆያለሁ፣ ክፍሉ መቀዝቀዙን አይቼ እወጣለሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች እንደዚህ ነው የማደርገው። ለወፎቹም እንደዚህ ነው ያደረግሁት።

የእማዬ መስኮት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

እሱባለው